ዝቅ ባለው ምስማር ላይ የቀረው ሲባጎ

አዲስ አቡጀዲ የጋለ ካውያ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ትንሽ የተቃጠለ ዱቄት፣ ትንሽ ዝናብ የነካው አቧራ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሳሮን እዚሁ ዲላ ቤቴ ውስጥ የደንበኛ ጨርቅ ስትተኩስ ያ ሽታ ድንገት ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ መርፌውን በአንድ እጄ፣ ክሩን በሌላው እንደያዝኩ፣ ሳላሾልከው ቀረሁ። «እማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት፤ የሆነው ግን እናቴ ቤቱ ውስጥ መግባቷ ነበር።

እናቴ ዘነበች ትባል ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሱቅ ስላልነበራት ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤታችን ውስጥ፣ ብርሃን የሚያርፍበት በሩ አጠገብ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰፋ ትውል ነበር። መኪናው የአባቴ ስጦታ ነው። አባቴ የቡና መኪና ሹፌር ነበር ይላሉ፤ እኔ ገና መናገር ሳልጀምር ስለሞተ ፊቱን አላስታውሰውም። እማዬ ግን የስፌት መኪናውን ዘይት በቀባች ቁጥር «የሰውዬው ነገር ዝገት አይንካው» እያለች እንደ ሕፃን ገላ ታሸው ነበር። ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ ስለነበሩ ዲላ ውስጥ አክስት የምላት፣ አጎት የምለው፣ በበዓል ቀን በራችንን የሚያንኳኳ ዘመድ አልነበረኝም። የነበረን ጎረቤት ብቻ ነበር።

እማዬ ማንበብ አትችልም፣ የሜትር ቁጥርም አታውቅም ነበርና የሰው ልክ የምትወስደው በሲባጎ ነበር። ሲባጎውን ከትከሻ ላይ ታስጀምርና ወገብ ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ትቋጥራለች፣ ጉልበት ላይ ስትደርስ ሌላ፣ ከዚያ ደረትን ዙራ፣ ክንድን ለክታ፣ እየቋጠረች ትሄድና መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ በመታችው ምስማር ትሰቅለዋለች። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ሲባጎ፣ ለእያንዳንዱ ሲባጎ የራሱ ምስማር ነበረው። የማን እንደሆነ የሚናገር ምልክት አልነበረም፤ እሷ ግን እጇን ሰድዳ አንዱን ታወርድና «ይቺ ሴትዮ ወፍራለች፣ ይሄ ዘንድሮ አይበቃትም» ትል ነበር። ንፋስ በበሩ ሲገባ ግድግዳው ሁሉ ይወዛወዝ ነበርና ብቻዬን በሆንኩ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ቤታችን ውስጥ የቆመ ይመስለኝ ነበር። እማዬን የተቀየመ ሰው ብዙ አይናገርም፤ መጥቶ በር ላይ ይቆምና «ሲባጎዬን ስጪኝ» ይላል። ሲባጎውን የወሰደ ሰው ደግሞ አይመለስም።

ዋጋ የምታወጣበት መንገድም የራሷ ነበር። ጨርቁ ተዘርግቶ መቀስ ሳይነካው በፊት ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነገራል፣ ደንበኛዋም በገዛ አፏ ትደግመዋለች፤ ካልደገመች እማዬ መቀሱን አታነሣም። «በኋላ እንዲህ ብለሽኝ ነበር፣ አላልኩሽም መባባል የለም» ትል ነበር። ዋጋው በሰው ኪስ ወይም በሰው ውፍረት አይሄድም፣ በስፌቱ ነው፤ ስንት ቦታ ይገጣጠማል፣ ሽንሽን አለው ወይ፣ አንገቱ ምን ዓይነት ነው። በዚህ የተነሣ ቤታችን ሙግት አያጣም ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ የልጅ ቀሚስ እኮ ነው! ልጅቷ ራሷ መሀረብ ታክላለች።»

«ሽንሽን ያልሽው አንቺ ነሽ። ሽንሽኑን ተዪውና ግማሹን ክፈዪ።»

«ሽንሽን የሌለው ለብሳ እንዴት ገናን ትውላለች?»

«እንግዲያው ድገሚው።»

ሴትዮዋ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ዋጋውን ትደግመዋለች፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁትም ይስቁባታል። አንዴ የአንድ ቡና ነጋዴ ሚስት መጥታ፣ እጥፍ ልክፈልሽና የእኔን አስቀድሚልኝ ብትላት፣ እማዬ ቀና ብላ አይታት «እጥፍ ብትከፍዪ ሁለት አንገት ልሠራልሽ ነው?» ብላ ጨርቋን ከክምሩ ሥር አስገባችው። እኔ በዚህ በጣም እኮራ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ፣ የሚከፋው ይከፋው።

ክረምት ግን ኩራት የሚያበላ ወቅት አልነበረም። ቡና እስኪደርስ ድረስ በሰው እጅ ገንዘብ ስለማይኖር፣ ከተቀደደ ሱሪ በቀር የሚሰፋ አይመጣም ነበር፤ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እማዬ የድሮ ቁርጥራጭ ጨርቆችን እየገጣጠመች እጇን ታፍታታ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከአጥሩ ማዶ የማርታ ድምፅ የሚመጣው። ማርታ የጌዴኦ ሴት ናት፤ ጸሎተኛ፣ ደንዳና፣ ሳቋ እስከ መንገድ የሚሰማ። ባሏ ቡና ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር፣ ከቤቷ ጀርባም የእንሰት ተክል ነበራት። አማርኛ የለመደችው ካደገች በኋላ ስለነበር ሴቱንም አንዳንዴ እንደ ወንድ ትጠራ ነበርና፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ በአጥሩ ቀዳዳ እያሾለከች «አንተ ዘነበች! ና ያዝ!» ትላታለች። እማዬ እየሳቀች «መጣሁ ጌታው!» ብላ ትቀበላታለች። በላችሁ ወይ ብላ ጠይቃን አታውቅም፤ ይሄ ይበቃችኋል ብላም አታውቅም።

የማርታ የመጨረሻ ልጅ ምህረት እኩያዬ ነበረች። ክረምቱን የማሳልፈው እነሱ ቤት ነው ማለት ይቻላል። እሳቱ ዳር ከምህረት ጋር አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተን ተቀምጠን፣ ማርታ ጎመኑን እያማሰለች በጌዴኦኛ መዝሙር ስታንጎራጉር፣ ትልቋ ልጇ ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ አባትየው እርጥብ ካፖርቱን እያራገፈ ሲገባና «ይቺ ደግሞ የማናት? የእኛ ልጆች በዙ እኮ!» ብሎ ሲቀልድብኝ፣ ወደ ቤቴ መሄድ ያስጠላኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነበር። እማዬ መጥፎ እናት ሆና አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን ቤት መሙላት ስለማይችል ነው።

ቀይ ቡና ሲደርስ ከተማው ይለወጣል። ከዱመርሶ፣ ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ ገንዘብ የያዘ ሰው ይወርዳል፤ ጨርቅ የተሸከመ ሰው በየሰፊው ደጅ ይሰለፋል። ሌሎቹ ሰፊዎች በዚህ ጊዜ ዋጋ ይጨምሩ ነበር። እማዬ አትጨምርም፤ «ስፌቱ ያው የክረምቱ ስፌት ነው፤ ቡና ስለቀላ ክንዴ አልረዘመም» ትል ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት፣ የገና በዓል ሲቃረብ፣ ማርታ ውሃ ሰማያዊ ፖፕሊን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ምህረትን በእጇ ይዛ፣ እየሳቀች ገባች። ለራሷና ለምህረት እናትና ልጅ የሚያመሳስል፣ እጅጌና ሽንሽን ያለው ቀሚስ ፈልጋለች። አግዳሚው ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ከወናጎ በእግሯ የመጣች ናት። እማዬ ጨርቁን ዘረጋች፣ በዓይኗ ለካች፣ ዋጋውን ተናገረች። ለሁሉ የምትናገረውን ዋጋ።

ማርታ ቀልድ መሰላት። «ለማን ነው የምትነግረው?»

«ላንቺ ነዋ።»

«እኔ ማርታ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። ድገሚው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማርታ አሁንም ፈገግ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተው እንጂ ዘነበች። ጎረቤት ነን» አለች። እማዬ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሷም ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን ሁሉም ይሰማ ነበር። «ላንቺ ከቀነስኩ ይቺ ከወናጎ በእግሯ የመጣችው ምን በደለች? እሷ ትከሻ ላይ ጭኜ ነው ላንቺ የማቀልልሽ? አልችልም ማርታዬ።»

ማርታ ወደ አግዳሚው አየች፣ ወደ ጨርቁ አየች። በሰው ፊት ነበር፣ በልጇ ፊት ነበር። ፊቷ ቀስ እያለ ሲጨልም አየሁት።

«እሺ» አለች። «ክረምቱን ሙሉ ስትበዪ የከረምሽው ቆጮስ ዋጋው ስንት ነበር? እሱንም ንገሪኛ! እሱንም ልድገመው!»

«ስትበዪ» አለች እንጂ «ስትበላ» አላለችም፤ የዚያን ቀን አንድም ቃል አልተሳሳተችም። ጨርቁን ጠቅልላ፣ የምህረትን እጅ ስባ ወጣች።

ማርታ ዋጋ አልጠየቀችም ነበር። ያመማትን ነው የተናገረችው፤ ይህን ሕፃን ሆኜም አውቄዋለሁ። እናቴ ግን ዕድሜዋን በሙሉ ዋጋ ስትናገር የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ዋጋ እንደተጠየቀች አድርጋ ነው የሰማችው። በገበያው ቀን እጄን ይዛ ቆጮ ተራ ገባችና ከአንዷ ሻጭ ወደ ሌላዋ እየሄደች፣ ጥቅሉን እያነሣች እየመዘነች «ክረምት ላይ ይህን የሚያህለው ስንት ነበር?» ስትል ዋለች። ዝቅተኛውን ዋጋ አልያዘችም፣ ከፍተኛውንም አልያዘችም፤ መሐለኛውን ያዘች። ከማርታ እጅ የተቀበለችውን አንዱንም ሳታስቀር በልቧ ይዛው ኖሯል። የገናን ሥራ ገንዘብ አውጥታ፣ በመሀረብ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችኝና «ለማርታ ስጪ። የቆጮው ነው በያት» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ዕዳዋን እንደምትከፍል ሰው ቀለል ያላት ትመስል ነበር።

ማርታ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ እየፋቀች ነበር፤ ምህረት ኮባውን ይዛላታለች። መሀረቡን ዘረጋሁላት። «ምንድነው?» አለች። «የቆጮው ነው አለች እማዬ።» ማርታ እጇን ቀስ ብላ ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ቋጠሮውን ፈታች፣ አየችው። እንድትጮህ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መልሳ እናቴ እንደቋጠረችው አድርጋ ቋጠረችውና እጄ ውስጥ አስገብታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከላዩ አጠፈቻቸው።

«ለእናትሽ ስጪ። ማርታ ነጋዴ አይደለችም በያት።» ከዚያ ዞር ብላ ምህረትን «ግቢ» አለቻት። ምህረት ገባች። ማርታም ገባች። በሩ ተዘጋ፤ ያ በር በቀን ሲዘጋ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማርታ በራችን ላይ ቆመች፤ አልገባችም። «ሲባጎዬን ስጪኝ። የባሌንም። የትልቋንም።» እማዬ ከመኪናው ተነሥታ ከየምስማሩ አወረደችላት። የምህረት ሲባጎ ግን እኔ በቁመቴ ልክ ካስመታሁት ዝቅተኛ ምስማር ላይ፣ ከጨርቅ ክምሩ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር። ማርታ አልጠየቀችውም። ረስታው ይሁን፣ ሳታየው ቀርታ ይሁን፣ ወይስ እያየችው ትታው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «ዘነበች የበላችውን ቆጮ በገንዘብ ልትከፍል ላከች» ተባለ። ሰው የሳቀ መስሎ ነበር የሚያወራው፤ ውስጡ ግን ፈርቶ ነበር፤ ለእኛ እሳት የሰጠ፣ ጨው ያበደረ፣ ልጅ የያዘ ሁሉ ነገ ዋጋውን በመሀረብ ተቋጥሮ እንዳይላክበት ፈራ። ቧንቧ ስሄድ ሴቶቹ «አሳልፏት፣ እናቷ የወረፋውን ትከፍላለች!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። የጎረቤቶቹ ሲባጎ አንድ በአንድ እየተጠየቀ ሄደ። አልተራብንም፤ ከወናጎም ከዚያም ማዶ ያሉ ሰዎች የማይለወጥ ዋጋዋን ወድደው ይመጡ ነበር። ግን እነሱ ልብሳቸውን ይዘው ወደ አገራቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። አጠገባችን ያሉት ምስማሮች ባዶ ሆኑ።

የበልጉ ዝናብ ገባ። ትምህርት ቤት ምህረት ከሌላ ልጅ ጋር መቀመጥ ጀመረች፤ አትሰድበኝም፣ አታናግረኝም። ከዚያ ክረምቱ መጣ። ከአጥሩ ማዶ የሚጠራ ድምፅ አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ ማርታ የምትጣራበት ሰዓት ሲደርስ ግን እማዬ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሣና፣ መኪናው ጸጥ ሲል፣ አንገቷን ወደ አጥሩ ዘንበል አድርጋ ጥቂት ትቆይ ነበር። ከዚያ መልሳ ትረግጠዋለች። ምን እያዳመጥሽ ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን ውሃ ሰማያዊ ፖፕሊን ገዝታ ገባች። ዝቅ ካለው ምስማር የምህረትን ሲባጎ አወረደች፣ ጨርቁ ላይ ዘረጋችው፣ ማንም ዋጋ ሳይደግም መቀሱን አነሣች። እንደዚያ ስትቆርጥ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሽንሽኑን ደቃቅ አድርጋ፣ አንገቱ ላይ ለነጋዴ ሚስት እንኳ የማትሠራውን ጥልፍ ሠርታ ጨረሰችው፣ ተኮሰችው፣ ምስማሩ ላይ ከሲባጎው ጋር ሰቀለችው። ቤቱ አዲስ ጨርቅ ሸተተ።

«እማዬ፣ ልውሰድላት?»

«ስንት ነው ትልሻለች።»

«ምንም እላታለኋ!»

እናቴ ቀሚሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ምንም የሚባል ዋጋ አላውቅም» አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። መንገዱን ማንም ስላላሳያት አገር የምታወራ ያህል ነበር።

ቀሚሱ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ። ክረምቱ አለፈ፣ ቡናው ቀላ፣ ገና መጣ፣ ሄደ። ከገና በኋላ የማርታ ባል ይርጋጨፌ ሥራ ስላገኘ አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ደጃቸው ቆመ፤ አልጋቸው፣ በርሜላቸው፣ የእንሰት ችግኛቸው ሳይቀር ተጫነ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ምህረት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አድጋለች፣ እግሯ ረዝሟል፣ ያ ቀሚስ ከእንግዲህ አይበቃትም። ዞር ስል እማዬ በራችን ላይ ቆማለች፣ ቀሚሱ በእጇ ነው። ማርታም ከመኪናው ጎን ቆማ ወደ እኛ ታያለች። በመሐላችን አጥሩ ብቻ ነበር። አንዷ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እያልኩ፣ ስንቴ እንዳሰብኩት። እማዬ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ደፉን ግን አልተሻገረችም። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ማርታ መኪናው ላይ ወጣች፣ መኪናው ሄደ።

እማዬ ገብታ ተቀመጠችና ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በመርፌ ጫፍ መፍታት ጀመረች። ጨርቁን ሳትጎዳ፣ ክሩን እየጠቀለለች፣ እስከ ምሳ ድረስ ፈታችው። ያን ቀን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ነገ ተመለሱ» አለች።

አሁን የስፌት መኪናው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ሜትር አነባለሁ። ዋጋዬ ለሁሉ አንድ ነው፤ መቀስ ሳላነሣ እናገራለሁ፣ ደንበኛዬም ትደግመዋለች። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡት ልጆች ይስቁብኛል፤ «እማማ፣ ልድገመው?» ይላሉ፣ «ድገሚው!» እላለሁ። በዚህ ነገር እናቴ ትክክል ነበረች፣ ማንም መጥቶ ቢከራከረኝ አልሸነፍም፤ በስሙ ወይም በጉርብትናው ሰውን ማበላለጥ ግፍ ነው። በቆጮው ግን ተሳስታለች። የእጅ ሥራ ዋጋ አለው፣ በአጥር ቀዳዳ የሚሾልክ ቆጮ ግን ዋጋ የለውም፤ እሱን ተቀብሎ ዝም ማለት ነበር የሚገባት፣ በልቶ መሳቅ ነበር። እኔ ይህን ለይቼ አውቄዋለሁ። ያወቅኩት ግን ወደዚህ ቤት ከመጣሁ፣ አጥሬ የብሎኬት ግንብ ከሆነ በኋላ ነው። በግንቡ ማዶ ማን እንደሚኖር ስሙን አላውቅም።

ሳሮን ዋጋዬን በስልኳ ላይ ትለጥፋለች። ደንበኞች ልካቸውን በቁጥር ይልካሉ፣ ገንዘቡንም በስልክ ይልካሉ፣ ልብሳቸውን ወስደው ይሄዳሉ። ማንም አይከራከረኝም፣ ማንም አያታልለኝም፤ እናቴ ብታየው የምትወደው ዓይነት ነው ብዬ አስባለሁ። የሚርቀኝም ሰው ሳይነግረኝ ይርቃል። አንዲት ደንበኛ ከጠፋች ቆየችና፣ ትናንት ምን ሆነች ብዬ ሳሮንን ብጠይቃት «ሌላ ሰፊ አግኝታ ይሆናል እማማ፤ ልኳን ከስልኩ ላጥፋው?» አለችኝ። «ተዪው» አልኳት። በእናቴ ጊዜ የተቀየመ ሰው እንኳ ጭቃ ረግጦ መጥቶ፣ በራችን ላይ ቆሞ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ «ሲባጎዬን ስጪኝ» ይል ነበር።

የምህረት ሲባጎ ዛሬም ዝቅ ካለ ምስማር ላይ ነው። ቤት ስቀይር ምስማሩን ነቅዬ ይዤው መጥቻለሁ፣ ልጅ ሳለሁ በነበረው ከፍታ አስመትቼዋለሁ። ንፋስ ሲገባ ይወዛወዛል። እስካሁን ሊወስደው የመጣ ሰው የለም።